የባለቤቴ አጎት

«አጎትህ መደርደሪያው ላይ ሆኖ በር በሩን ያያል። ናፍቀኸዋል» ሲል ሰማሁት።

ተናጋሪው ስቱኮ ነው። ስቱኮ ከባለቤቴ ጋር ቤት የሚቀባ ቀጭን ሰው ነው። ቅንድቡ ላይ የግድግዳ ማለስለሻው ነጭ ብናኝ ስለማይጠፋ ነው እንዲህ የሚሉት፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱም የሚያስታውሰው አይመስለኝም። ባለቤቴ ከመሰላል ወድቆ እግሩ በጀሶ ታስሮ ከተኛ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሳይገባ በጠዋት ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ለበሽተኛው ያመጣውን ብርቱካን ራሱ ልጦ ራሱ ይበላል። እኔ በዚህ በኩል ቆሜ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የኛን ወጥ ቤትና መኝታ ቤት የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ በዚያ በኩል ሰው ቢያዛጋ በዚህ በኩል አፍ ይከፈታል። ባለቤቴ «ቀስ በል እንጂ!» አለው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ትራስ ውስጥ የተቀበረ ሳቅ። ካውያውን አቆምኩት። የታመመ ሽማግሌ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል?

አጎት የባለቤቴ እናት ወንድም ነው። እኔ አይቼው አላውቅም። ደረቱን ያመዋል፣ ከቀለም መጋዘኑ አጠገብ ብቻውን ይኖራል፣ ሰው አይወድም፣ ሴት ደግሞ ጭራሽ አይወድም ተብያለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ ጎራ እያለ ይጠይቀዋል፤ «አጎትን ልጠይቅ» ካለ አመሸ ማለት ነው። አንድ ቀን አረቄ አረቄ ሲሸተኝ «ደረቱን በአረቄ እያሸሁለት እኮ ነው» ብሎ እጁን አፍንጫዬ ስር አስጠጋልኝ። እጁ እውነትም ይሸት ነበር። ባለቤቴ መጠጥ እንደሚቀምስማ አውቃለሁ፤ ጅል አይደለሁም። ቀለም ቀቢዎች «ጠጣን» አይሉም፣ «አንድ እጅ ቀባን» ነው የሚሉት፤ በርታ ካሉ «ሁለት እጅ»፤ ደሞዝ የተቀበሉ ቀን «ግድግዳው እስኪጠግብ»። በተጋባን ሰሞን «ዛሬ ሦስት እጅ ቀባን» እያለ ሲገባ ሥራ የበዛበት መስሎኝ ውሃ አሙቄ እግሩን አጥቤዋለሁ። ከገባኝ ወዲህ ግን ቋንቋውን ለምጄዋለሁ፤ «ዛሬ ስንት እጅ ነው?» እላለሁ፣ «አንድ» ይላል፣ እራት እንበላለን። አጎት ግን ሌላ ነገር ነው። አጎት ሥጋ ነው። ባለፈው ብርድ ሳል ጠናበት ሲለኝ ከሸሚዞቹ በተረፈኝ ሰዓት ግራጫ የሱፍ ሻርፕ ሠርቼለታለሁ፤ ጠርዙን ሰማያዊ አድርጌ። ባለቤቴ «በጣም ወደደው፣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አልፈታም አለ» ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ለሚቀጥለው ብርድ ጓንት ጀምሬለት ነበር።

ስቱኮ ሲወጣ ባለቤቴን «አጎትህን አሁን ማነው የሚጠይቀው?» አልኩት። «ሰው አለው» አለ። «ማን?» «ሰው ነዋ።» «ሾርባ ይዤለት ልሄድ ነው» አልኩ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ጀሶ የታሰረ ሰው እንደዚያ ፈጥኖ መነሳት መቻሉን አላውቅም ነበር። አይሆንም አለ፤ ይቆጣል አለ፤ ሳሉ ይጋባል አለ፤ ውሻ አለው አለ። ውሻውን የዚያን ዕለት መስማቴ ነው። እኔ ደግሞ «አትሂጂ» ከተባልኩ እግሬ አይታዘዘኝም፤ እናቴም ስታማኝ ይቺን ልጅ እንድትቀመጥ ከፈለጋችሁ ተነሺ በሏት ትል ነበር። ወርጄ ዶሮ ገዛሁ። እኔ ዋጋ የማሰላው በሸሚዝ ነው፤ አንድ ሸሚዝ ተኩሼ የማገኘውን ስለማውቅ ማንም አያታልለኝም። ዶሮ ዘንድሮ ሃያ ሸሚዝ ገብታለች። ነጋዴውን ተከራክሬ አሥራ ስምንት አደረስኳት፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ቀቀልኳት፣ ሾርባውን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርጌ በፎጣ ጠቀለልኩት። ስወጣ ባለቤቴ «ቢያንስ እስከ ማክሰኞ ጠብቂ» አለኝ። ማክሰኞ ምን እንደሚመጣ አልነገረኝም።

መጋዘኑ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ የምደርስበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠሩ ሁለት ልጆች ደጅ ላይ ባልዲ እያጠቡ ነበር። የአጎትን ቤት አሳዩኝ ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «ተሽሎታል እትዬ፣ አይምጡ ብሏል» አለ። በዚያው አፍታ ሁለተኛው «ሌላ ከተማ ሄዷል እትዬ» አለ። የተሻለው ሰው ነው የሄደው ወይስ የሄደው ሰው ነው የተሻለው ብዬ ስጠይቅ ሁለቱም ባልዲው ውስጥ አጎነበሱ። ገባ ብዬ ፎርማኑን አገኘሁት። ፎርማኑ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በረጅም እንጨት ቀለም እያማሰለ ስለ ባለቤቴ እግር ጠየቀኝ። ሰኞ ሳምንት ጀሶው ይፈታል አልኩት። «ቦታው አለ፣ ለሌላ አልሰጠሁበትም» አለ። ማማሰሉን ሳያቆም «ግን እንደዚያ ቀን ሆኖ ከመጣ ይህን ደጃፍ አይርገጥ። ሁለተኛ ሰው ከመሬት ለቅሜ ለሚስቱ አላስረክብም። ያኔ እግሩ ነው፤ ቀጥሎ አንገቱ ነው።»

«እንዴት ሆኖ ነበር ያን ቀን?» አልኩት።

«ምሳ ሰዓቱን አጎት ጋ አሳልፎ ነዋ የመጣው።»

«ታዲያ በሽተኛ መጠየቅ ወንጀል ነው?» አልኩ፤ ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ፎርማኑ ማማሰሉን ተወ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በፎጣ የተጠቀለለውን ዕቃ አየ። ጆሮው ቀላ። ያፈረ ትልቅ ሰው ማየት ደስ አይልም። ከዚያ በአገጩ ከመንገዱ ማዶ ጠቆመኝና «አጎት ማዶ ነው» አለ፤ ፊቱን አዙሮ ማማሰሉን ቀጠለ።

ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ነው። አጎት ከጓሮው ክፍል ተከራይቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ለታመመ ሰው ጥሩ ሰፈር አይደለም ብዬም ተበሳጨሁ። ወለሉ ገና ታጥቦ እርጥብ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛው ላይ እግራቸውን ሰቅለዋል፤ ሬዲዮ ሰሚ ሳይኖረው ያወራል። አንዲት እጅጌዋን የሰበሰበች ወፍራም ሴት ባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አለችኝ።

«አጎትን።»

«በመለኪያ ነው በጠርሙስ?»

ሾርባ ይዤለት ነው የመጣሁት አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሴትየዋ እጇን ከውሃው አወጣች። የማን ሚስት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እርጥቡን ፎጣ አፏ ላይ አደረገችና ዞር ብላ ወደ መደርደሪያው አየች፤ እኔም አብሬ አየሁ። ከመሃለኛው ረድፍ ላይ አንድ ጠርሙስ ቆሟል። ወረቀቱ ላይ ጢሙን ወደ ላይ የጠቀለለ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ጉንጩ የቀላ ሽማግሌ ተስሏል፤ ከአገጩ በታች አርባ ሁለት ከመቶ የሚል ቁጥር አለ። በር በሩን ያያል። አንገቱ ላይ ግራጫ ሻርፕ ሦስቴ ተጠምጥሟል። ጠርዙ ሰማያዊ ነው።

ሴትየዋ ወንበር አውርዳ አስቀመጠችኝ፤ ውሃም ሰጠችኝ። «ልጆቹ ናቸው ያለበሱት» አለች፤ «ብርዱን አልቻለውም ብለው ነበር። እኔ እኮ የእውነት ለጠርሙሱ የተሠራ መስሎኝ፣ ያን ያህል የምታፈቅር ሴት ማናት ብዬ ቀንቼ ነበር።» ስታወራ ለማጽናናት ነው፤ ክፋት የለባትም። «አትቀየሚኝ። እኔ ስም አላወጣሁም፤ በጠሩት እቀዳለሁ። እዚህ ቤት በስሙ የሚጠራ መጠጥ የለም። መካኒኮቹ ይህንኑ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ይሉታል። ከቢሮ የሚመጡት ፊርማ ይሉታል፤ አንድ ፊርማ ስጪኝ፣ ማህተም ጨምሪበት። አንድ መምህር አለ፣ ማረሚያ ነው የሚለው። ቀለም ቀቢዎቹ ደግሞ መጠጡን ሁሉ ዘመድ አዝማድ አድርገውታል። ሁሉም ለሚስቱ የሚነግረውን ነው እኔ ጋ መጥቶ የሚያዘው።» የአንዱን መለኪያ ዋጋ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። በልቤ አሰላሁት፤ ሦስት ሸሚዝ ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አጎቱን በጠየቀ ቁጥር እኔ ሦስት ሸሚዝ ቆሜ ተኩሼለታለሁ፤ ከነአንገትጌው ከነእጅጌው። ደረቱን በአረቄ የሚታሸውም አጎት ሳይሆን ባለቤቴ ራሱ እንደሆነ ገባኝ። ሻርፑን አውልቂልኝ አልኳት፤ አወለቀችልኝ። እርቃኑን የቀረው ጠርሙስ ከሌሎቹ አይለይም። ከበሩ ሳልወጣ «ሾርባውስ?» አለችኝ። ለእሷ ልተውላት አሰብኩና አሥራ ስምንት ሸሚዝ ትዝ አለኝ። ይዤው ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ አላለቀስኩም። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ሾርባው ሸቶት ደጋግሞ ምራቁን ይውጣል፤ እንደዚያ ባለ ሰው አጠገብ እንባ አይመጣም። እቤት ስደርስ የምለውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። «ዋሸኸኝ» ብለው ምን ይላል? ይቅርታ ይላል። ባለቤቴ ይቅርታ መጠየቅ ያውቅበታል፤ አንገቱን ደፍቶ ያምርበታል። ከዚያ ሰኞ ሳምንት ጀሶው ይፈታል፣ መሰላል ላይ ይወጣል፣ ምሳ ሰዓት ይደርሳል፣ አጎት ደግሞ ማዶ ቆሟል፤ ልብስ ባይኖረውም በር በሩን ማየቱን አይተውም። ያ ፎርማን እንደሆነ በሁለት ቃል የሚናገር ሰው አይደለም። አንገቱ ነው ብሏል፣ አንገቱ ነው። ይህን እያልኩ የሕንፃችን ደረጃ ስር ደረስኩ። የምድር ቤቷ ሴትዮ እንደ ልማዷ በሯን ከፍታ ተቀምጣለች፤ እሷ ሳታየው ወደ ላይ የሚወጣ ጭስ እንኳ የለም። «ምነው ፊትሽ እንዲህ ከሰል መሰለ? ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

«የባለቤቴ አጎት ሞተ» አልኳት።

አስቤው አልነበረም። ካልኩት በኋላ ግን ደረጃው ላይ ቆም ብዬ እንደ ልብስ ገልብጬ አየሁት፤ ስፌቱ የተስተካከለ ሆኖ አገኘሁት። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ያ ሻርፕ የሠራሽላቸው? ውይ እኔን!» አለች። ወዲያው ስልኳን ስታነሳ ሰማሁ። ላይ ስወጣ ባለቤቴ ትራሱን ተደግፎ በሩን ያያል። ከሣጥኑ ውስጥ ለእናቴ ቀብር ያሰፋሁትን ጥቁር ቀሚስ አወጣሁ፤ ትንሽ ጠቦኛል፣ ቢሆንም ገባልኝ። ሾርባውን አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን ሞተ?» አለ ባለቤቴ።

«አጎትህ።»

«እ?»

«አጠገቡ ደርሼ ነበር። ሾርባውን አልቀመሰም።» ሻርፑን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረግኩለት።

ባለቤቴ ሻርፑን አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ የጀሶውን መልክ ያዘ። እንግዲህ ሁለት ነገር ነው ያለው፤ ወይ አጎት የለኝም ይበል፣ ወይ ያልቅስ። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጥ በሩ ተንኳኳ።

የኛ ሕንፃ ሰው ሌላው ቢቀር ለሞት ፈጣን ነው። የምድር ቤቷ ሴትዮ ሦስት ወንበር አስይዛ መጣች፤ ከላይ ፎቅ ጡረተኛው ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ፤ ከማዶ ያሉት ባልና ሚስት ውሃ በጀግ ይዘው ገቡ። መኝታ ቤቱ ሞላ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፤ «ነፍሳቸውን ይማር» ሲሉ «አሜን» ይላል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ሟቹን ሁሉም አንቱ እያሉ ነው የሚጠሩት፤ እሳቸው፣ ደጉ ሰው፣ ብቻቸውን የኖሩ። እኔ እግርጌው ቆሜ እጄን አጣጥፌያለሁ። ይህን ጊዜ ስቱኮና ባልዲ ያጥቡ የነበሩት ልጆች መጡ፤ ባለ መጠጥ ቤቷ ነግራቸው ይቅርታ ሊጠይቁኝ ይመስለኛል እየሮጡ የመጡት። በሩ ላይ ጥቁር ለባሽ ሲያዩ ቀጥ አሉ። «ግቡ እንጂ፣ እናንተም ስታስታምሙት የከረማችሁ ናችሁ» አልኳቸው። ገብተው ግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቆሙ። ጡረተኛው ወደ እነሱ ዞረው «ለመሆኑ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» ቢሏቸው ስቱኮ ደንግጦ «አርባ ሁለት» አለ።

ባለቤቴ ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል።

«አጎት ሆነው አርባ ሁለት?» አሉ ጡረተኛው።

ይህን ጊዜ ነው የባለቤቴ እህት በሩ ላይ ቆማ ያየኋት። እኔና እሷ እናታቸው በተዉት ቁም ሣጥን ምክንያት ተኮራርፈን ስንት ዘመን ሆኖናል። ቁም ሣጥኑ እሷ ጋ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ለዚህ ነው ስለ አጎት እሷን ጠይቄ የማላውቀው። የምድር ቤቷ ሴትዮ የማትደውልለት ሰው የለም። እህቱ ጥቁር በጥቁር ለብሳ፣ የእናቷ ወንድም ሞተ ተብላ መጥታለች፤ እናቷ ወንድም እንዳልነበራት ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድሟን አየችው። ወንድሟ አንሶላውን አየ። እኔን አየችኝ፤ ዓይኔን አልሰበርኩም። አንድ ቃል ብትተነፍስ አጎት ከሞተበት ይነሳል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ስቆብን ይወጣል፤ ሰኞ ሳምንት ደግሞ ይመጣል።

«የመጨረሻ ልጅ ነበር» አለች እህቱ። «ለእናታችን የመጨረሻ ወንድሟ ነው። ወንድሜ ይበልጠው ነበር።» ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ አለቀሰች። ጡረተኛው «ይኖራል፣ ይኖራል፤ እኔም የምበልጠው አጎት አለኝ» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ታለፈ።

ውሃ ልታመጣ ብላ ወጥ ቤት ተከተለችኝ። በጣውላው ምክንያት በሹክሹክታ ነው ያወራነው። «ማነው የሞተው?» አለችኝ። «አረቄ» አልኳት። አልሳቀችም። «አባባ ‹ጎረቤት› ነበር የሚለው» አለች። «ጎረቤት ጠርቶኝ ነው፣ ጎረቤት ቤት አምሽቼ ነው። ሲሞት ጎረቤቶቹን ሁሉ ዞሬ አንድ በአንድ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ቤት ገብቶ አያውቅም።» የተተኮሱትን ሸሚዞች አየቻቸው፣ አንዱን አንገትጌ በጣቷ አስተካከለች። «ቁልፉን ስትፈልጊ ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ስንመለስ ፎርማኑ መጥቷል። ወንበር ቢያቀርቡለትም አልተቀመጠም፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ፊት ቆሟል። የምድር ቤቷ ሴትዮ ገና ያልተነካ ጥያቄ ስለቀራት «በምን ሞቱ ግን? ደረታቸው ነው?» አለች። ሁላችንም ባለቤቴን አየን። እኔ አላገዝኩትም። ሻርፑን እጁ ላይ ጠምጥሞ ፈታ፣ ጠምጥሞ ፈታ።

«ወደቀ» አለ።

«ከምን?»

«ከመሰላል» አለ ባለቤቴ፤ ይህን ብሎ አለቀሰ። ያለቀሰው የእውነቱን ነው። እግሩ የተሰበረ ዕለት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። ስቱኮም ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ነጭ ብናኝ ጉንጩ ላይ ወረደ። ፎርማኑ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«እውነት ሞቷል?» አለው።

«ሞቷል» አለ ባለቤቴ።

«ምሳ ሰዓት ላይ አይነሳም?»

ጡረተኛው «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!» ብለው ተቆጡ። ፎርማኑ ዞር ብሎም አላያቸው። ባለቤቴ እኔን አየኝ። «አይነሳም» አለ።

«እንግዲያው ሰኞ ሳምንት ና። ቦታው ያንተ ነው» አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ጎረቤቶቹ ምን ያለው ልበ ደረቅ ነው፣ በለቅሶ ቤት ሥራ ያወራል ብለው አሙት። ስቱኮና ልጆቹ ግን አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ። በኋላ ሾርባውን አሙቄ ለሁሉም በየብርጭቆው አዳረስኩ፤ ከአሥራ ስምንቱ ሸሚዝ አንድም አልባከነም። «ነፍሳቸውን ይማር» እያሉ ጠጡት። ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር።

ፀሐይ ከመስኮቱ ሳትወርድ ሁሉም ሄዱ። ወንበሮቹን ለየባለቤቶቻቸው መለስኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ፣ ከወለሉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ አገኘሁ። ባለቤቴ ሻርፑን አንገቱ ላይ አድርጎታል። ለሽማግሌ አንገት ብዬ በግምት የሠራሁት ነው፤ ልክ ሆኖለታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች የምድር ቤቷ ሴትዮ ለአንድ ሰው በስልክ «አርባ ሁለት ዓመታቸው!» ስትል ይሰማል። የመጠጥ ቤቷ ሴትዮ «መጠጡን ሁሉ ዘመድ አዝማድ አድርገውታል» ያለችው ትዝ አለኝ።

«ሌላ ዘመድ አለህ?» አልኩት።

አሰበ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ከሚገባው በላይ አሰበ።

«አንዲት አክስት አለች» አለ።

«ማናት?»

ጣሪያውን አየ፣ ጀሶውን አየ፣ ጥቁር ቀሚሴን አየ። ከዚያ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ፣ ሐኪም ፊት ልብሱን እንደሚያወልቅ ሰው፣ «ቢራ ናት» አለ።

ከተጋባን ጀምሮ ባለቤቴ የሚጠጣውን በስሙ ሲጠራ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። «ጥሩ» አልኩት። ተነሥቼ የቤት ልብሴን ለበስኩ። ጥቁሩን ቀሚስ ግን ወደ ሣጥኑ አልመለስኩትም። ካውያ አሳርፌበት ከአልጋው ትይዩ በሩ ጀርባ ሰቀልኩት፤ ሰኞ ሳምንት ሲወጣ በሩን የሚከፍተው ከሱ ስር ነው።